ማሙሽ ጋሼ የተባለበት ቤት

ሰው ሁሉ ማሙሽ ይለዋል። ጢሙ ሸብቶ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ ጉልበቱ ሲነሳ ሲቀመጥ መንቋቋት ከጀመረ በኋላም ማሙሽ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ያወጣችለትን የቁልምጫ ስም፣ ሌላው ልጅ ሲያድግ እንደሚጥለው፣ እሱ አልጣለውም፤ የሚጥልለትም አልተገኘም። የሰፈሩ ልጆች በየተራ አደጉ፣ ወለዱ፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጅ አዩ። ሁሉም በየተራቸው «አንተ ማሙሽ!» ብለውት አልፈዋል። እሱም ለሁሉም እጁን አንስቷል።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ «ሰፊዋ» ይላታል፣ ወንድሟ «እታለም» ይላታል። ቤታቸው መንገድ ዳር ያለች ሁለት ክፍል ናት። የፊተኛው ክፍል የስፌት ነው፤ በኋለኛው ሁለት አልጋ በመጋረጃ ተለያይቶ ተዘርግቷል። ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ አእምሮው እንደ እኩዮቹ አልሄደለትም። ቃል ያጥረዋል፣ ቁጥር አይገባውም፣ ብቻውን ቢላክ መመለሻው ይጠፋዋል። ሥራ ግን አለው። ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ወለሉ ላይ የወደቀውን መርፌና ስፒል ይለቅማል፤ የሸሚዝ ቁልፎችን በቀለም በቀለማቸው ይለያል፤ የተሰፋውን ይተኩሳል፤ ደንበኛ ሲገባ ወንበር ይስባል። ደንበኛው ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ቆሞ ጫማውን በአድናቆት ያያል፤ አንዳንዱ ይሄ ደስ ብሎት ጫማውን ሳያስጠርግ አይመጣም ነበር።

እናታቸው ስትሞት የሰፊዋን እጅ ይዛ «አደራ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አያስፈልግም ነበር። ሰፊዋም አደራዋን በላች እንዳትባል ኖረች። አግቢ ጠፍቶ አይደለም። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ያልተቀደደ ሱሪውን እየቀደደ ለማሰፋት ለዓመታት ሲመላለስባት ከረመ። በመጨረሻ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ፣ «አንቺን ልውሰድ፤ እሱን ግን…» አለ። ሳይጨርስ ሱሪውን ጠቅልላ በእጁ አስጨበጠችው።

«ያለቀ ነው» አለችው።

ሱሪውን ትበል ጉዳዩን፣ ሰውየው ሳይገባው ሄደ። ሁለተኛም አልተመለሰም።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ አረጁ። ሰፊዋ በጥርሷ ስፒል ነክሳ፣ ሻይዋ አጠገቧ እየቀዘቀዘባት፣ ማሙሽ ወለል ወለሉን እያየ። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ውሃ የፈሰሰበት ሲሚንቶ አዳለጣትና በኋለኛው ክፍል በጎኗ ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማችው።

ማሙሽ ሮጦ መጣ። አያትና ተንበረከከ። ትራስ አመጣላት። ቀጥሎ ብርድ እንዳይመታት ብሎ መስቀያ ላይ ያለውን የደንበኛ ልብስ እያወረደ ደረበባት፤ ኮት፣ ሱሪ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የምትሞሸር የአንዲት ልጅ ነጭ ቀሚስ ሳይቀር።

«ማሙሽዬ፣ በር ክፈት። ጎረቤት ጥራልኝ።»

በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ? በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ጠፍቶ ሰፈሩን ሁሉ ያስለቀሰ ዕለት፣ እታለም ራሷ ናት ያስተማረችው፤ እታለም በእግሯ ቆማ ካልከፈተች በር ለማንም አይከፈትም። ትምህርቱ ጠልቆ ገብቶታል። ጎረቤት ሲያንኳኳ «እታለም ተኝታለች!» አለ። ደንበኛ ሲያንኳኳም «ተኝታለች!» እሷ ብትጮህም የመንገዱ ጩኸት ድምጿን ዋጠው። እጇን ይዞ፣ እህል ሳይቀምስ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ፋርማሲ የምትሠራው የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ባትገባ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ፈጣሪ ይወቅ። በቃሬዛ ሲያወጧት ሰፊዋ ያየችው የመጨረሻ ነገር ማሙሽን ነው፤ የሙሽራዋን ቀሚስ እንደ ሕፃን ታቅፎ በመንገዱ ዳር ሲከተላት።

የወንድሟ ልጅ ሆስፒታል መጥታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ ለወራት መቆም የለም ብለዋል። ማሙሽን ቤቴ ወስጄው ነበር፤ ግን ሥራ ስሄድ ብቻውን ነው። ትናንት የጎረቤት ግቢ ገብቶ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አውርዶ ሲያጣጥፍ ደረሱበት።»

«አጣጠፈ እንጂ ሰረቀ እንዴ?»

«አልሰረቀም። ግን ልብሱ ገና እርጥብ ነበር።» ወደ እጆቿ አየች። «አንድ ቦታ አግኝቻለሁ። አረጋውያን መጦሪያ ነው። እንደሱ ሆነው ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የሚያዙበት ክፍል ከፍተዋል። ሄጄ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም…»

ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አደራ በላ ልታደርጊኝ ነው።»

«አንቺ እስክትቆሚ ድረስ ብቻ።»

«ማሙሽ ከእኔ እጅ በቀር አይበላም።»

«አክስቴ፣ ሌላ ካለ ንገሪኝ።»

ሌላ አልነበረም። ሰፊዋ ያንን ታውቅ ነበርና ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ ሆኖ ተቆጠረ።

መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ይዞ መንፏቀቅ እስክትጀምር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። መኪና መሳፈር የተፈቀደላት ዕለት ወዴት እንደምትሄድ የጠየቃት የለም።

መጦሪያ ቤቱ ሰፊ ግቢ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ነው። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር የእጅ መደገፊያ እንጨት ተመትቶበታል፤ ሳሙናና በረኪና ይሸታል። በየመኝታ ክፍሉ በር ላይ በቁጥር ፈንታ ሥዕል ተለጥፏል፤ አንዱ ላይ ወፍ፣ አንዱ ላይ ኳስ፣ አንዱ ላይ መቀስ። መቀሱ የማሙሽ ነው። ማሙሽ ግን ክፍሉ አልነበረም። መግቢያው በር አጠገብ ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጉንጩ ጎድጉዷል።

«እታለም!» ብሎ ብድግ አለ። ቁልቁል የብረት መደገፊያዋን አየና ዓይኑ ፈጠጠ። «እግር አበዛሽ!»

ሳቀች፣ አለቀሰችም። በሳቅና በለቅሶ መሃል ነርሷ መጣች። የቤቱ ሰዎች «ሲስተር» ይሏታል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሰው ስታናግር አጠገቡ ቁጭ የምትል ሴት ናት።

«እናቴ፣ እንኳን መጡልን። ተቸግረናል። ከመጣ ጀምሮ ኮቱን አያወልቅም፤ ከዚህ ወንበር አይነሳም። ምግብም እየለመንነው ነው ትንሽ የሚቀምሰው። ቤት ሳለ እንዴት ነበር የሚበላው?»

ሰፊዋ አዘነች። እውነቱን ለመናገር ግን የልቧ አንድ ጥግ ደስ አለው። አልረሳኝም፣ ያለ እኔ አይሆንለትም አለ ያ ጥግ። ወዲያው አፈረችበት፤ ግን ብሎ ነበር።

«በእጄ ነው የማጎርሰው» አለች። «ማንኪያ ቢይዝ ያፈሳል። እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ሞክሮ ያውቃል?»

«ልጅ ሆኖ ሞክሯል። ልብሱን አበላሸ።»

በዚህ መሃል አንድ ወፈር ያለ፣ ፊቱ ክብ፣ እጅጌውን የሰበሰበ አስታማሚ ከወጥ ቤት በኩል ብቅ አለና ማሙሽ ፊት ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ምሳ ደርሷል። ይነሱ እንጂ፤ እህትዎም ይጋበዛሉ።»

ማሙሽ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም አልነበረም። መልሶ አስታማሚውን ተመለከተ።

ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። «ማሙሽን ነው እርስዎ የምትለው?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለ አስታማሚው፤ ለመገሠጽ ሳይሆን ግራ ገብቶት። «አባቴ ቢኖሩ የእሳቸው እኩያ ነበሩ። አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም።»

ሰፊዋ ዞራ የማሙሽን ሽበት አየች። ስድሳ ያለፈው ሰው መሆኑን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ግን ዕድሜውን እንደ ሰው ዕድሜ ቆጥራለት አታውቅም ነበር።

ምሳ ላይ ወፍራም እጀታ ያለው ማንኪያና ጠርዙ ከፍ ያለ ሳህን አቀረቡለት። ሰፊዋ እጇን ዘረጋች፤ ሲስተር በቀስታ ያዘቻት። «ትንሽ እንየው፣ እናቴ። ቢፈስ ይፍሰስ።» ፈሰሰም። የመጀመሪያው ማንኪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለተኛው ደረቱ ላይ ቀረ። ሰፊዋ እጇን ጭኗ ሥር ከትታ ተቀመጠችበት። ሦስተኛው ግማሹ አፉ ገባ። ማሙሽ አላመጠና ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱ ላይ የወጣው ፈገግታ ጥርሱን ሁሉ አሳየ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ቀና አላለም። ኮቱ ግን አልወለቀም። እሷ ስትወጣም ሻንጣውን ይዞ እስከ በሩ ተከተላት፤ መኪናው ሲነሳ እዚያው ቆሞ ነበር። በመንገድ ላይ ለወንድሟ ልጅ፣ «ቶሎ መዳን አለብኝ» አለቻት። ሌላ አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በሳምንቱ መጨረሻ ትሄዳለች። በየጊዜው ትንሽ ነገር ተለውጦ ይቆያታል። አንድ ጊዜ የኮቱ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሌላ ጊዜ ሻንጣው ክፍሉ ቀርቶ። አንድ ቀን ደግሞ ብትገባ አግዳሚዋ ወንበር ባዶ ናት። ደነገጠች።

«ግቢ ናቸው» አለ አስታማሚው እየሳቀ። «ሥራ ላይ።»

ግቢው ውስጥ ማሙሽ ኮቱን አውልቆ፣ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ በዛፎቹ ሥር ይሄዳል። ወንበሩ ላይ ያለው ረጅም ሽማግሌ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ከነበረው ቃል ሁሉ የቀረችለት አንዲት ብቻ ናት፤ «ተመስገን»። ውሃ ሲፈልግ ተመስገን፣ ሲበርደው ተመስገን፣ ምግቡ ጨው ሲያጣ በተኮሳተረ ፊት ተመስገን። እንደ መምህሩ አመስጋኝ ሰው በአገሩ የለም ይላሉ አስታማሚዎቹ። የሚያናግረው ሰው ሁሉ ቃሉን ለመፍታት ሲታገል ይደክመውና ይተዋል። ማሙሽ ግን ቃል ቢያጥር አይደንቀውም። ጎኑ ተቀምጦ «ተመስገን» ሲለው «እሺ» ይለዋል፤ ደግሞ ሲለው ደግሞ «እሺ»። ሁለቱ እንዲህ ሲጨዋወቱ ሰዓቱ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ማንም ሳያዘው ተነስቶ ወንበሩን ገፋ፤ በዚያው ሥራው ሆነ።

ሰፊዋ ከዛፉ ሥር ሆና አየችው። ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። እንደዚህ ቀና ብሎ ሲሄድ ያየችው መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቤት ሳለ ሁልጊዜ ስፒል ፍለጋ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ደስ አላት፤ ከፋትም፤ የቱ እንደሚበልጥ ሳታውቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ችግሩ የመጣው ሳይታሰብ ነው። ከበረንዳው ወደ ግቢው የሚያወርድ አጭር የሲሚንቶ ዳገት አለ። አንድ ቀን አስታማሚው ለአፍታ ዞር ባለበት፣ ማሙሽ መምህሩን ይዞ ብቻውን ወረደበት። ወንበሩ ፈጠነ፣ ከዳገቱ ጠርዝ አንዱ ጎማ ወጣ፣ የመምህሩ እግር ሲሚንቶው ላይ ተፈገፈገ። ቁስሉ ቀላል ነው። መምህሩ መውደቁ ግን ለጥቂት ነው የቀረው። የመምህሩ ልጅ ሰምቶ መጣ፤ የቤቱን ኃላፊም፣ «አባቴን ሁለተኛ እንዳይነካብኝ» አለ። ኃላፊው ፈራና ከለከለ። ማሙሽም ኮቱን ለበሰ፣ ሻንጣውን ይዞ ወደ በሩ አግዳሚ ተመለሰ።

የወንድሟ ልጅ ይህን በስልክ ስትነግራት ሰፊዋ የብረት መደገፊያውን ጥላ በከዘራ መሄድ ጀምራ ነበር። ስልኩን ዘግታ አላለቀሰችም። ወደ ኋለኛው ክፍል ገብታ የማሙሽን አልጋ አነጠፈች፤ ንጹሕ አንሶላ አለበሰች፤ ትራሱን መታ መታ አደረገች። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፣ ይኸው ልጄን ሊመልስልኝ ነው አለች በልቧ። ልጄ ማለቷን ልብ አላለችም።

በማግሥቱ ጠዋት ከወንድሟ ልጅ ጋር ሄደች። የምትናገረውን በመንገድ ላይ አሰናድታዋለች፤ «ወንድሜን ስጡኝ፣ እወስደዋለሁ፣ ስለ ደግነታችሁ ይስጥልኝ።» ይኸው ነው። ኃላፊው ቢሮ ስትገባ ግን ሲስተርና አንድ ጎልማሳ ሰው ቀድመዋት ተቀምጠዋል። ሰውየው የእጁ ጀርባ በትንንሽ የእሳት ጠባሳ ተዥጎርጉሯል፤ ብረት በያጅ ነው። የመምህሩ ልጅ መሆኑን ነገሯት።

ተነስቶ ወንበር ለቀቀላት። «እናቴ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን አባቴ አንድ ነው ያለኝ። ራሱን ለማያውቅ ሰው እንዴት እሰጠዋለሁ?»

ሰፊዋ አፏን ከፈተች። ያሰናዳችው ንግግር እዚያው ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ራሱን የማያውቅ ማን ነው? ወንድሜ ሥራቸውን ያውቃሉ!»

ያውቃሉ ስትል ራሷን ሰማች። የወንድሟ ልጅም ዞር ብላ አየቻት። ሰፊዋ ፊቷ ጋለ፤ ግን ወደለመደችው አጠራር ተመልሳ ቀጠለች።

«ስማኝ ልጄ። ወንድሜን በቃል ብትነግረው አይገባውም። ካውያ እንዳይነካ ስንት ዘመን እኔና እናቴ ከለከልነው። ኋላ እኔ ወገቤን ታምሜ፣ የደንበኛ ልብስ ተከምሮ ሲያስጨንቀኝ፣ እጁን በእጄ ይዤ አስተማርኩት፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ወራት ነው የፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሸሚዝ አላቃጠለም። የዳገቱን አወራረድ በእጁ ይዞ ያሳየው ሰው አለ?»

ኃላፊው ሲስተርን አየ። ሲስተር፣ «የለም» አለች። «ይገባዋል ብለን አላሰብንም። ጥፋቱ የእኛ ነው።»

በያጁ ግን በቀላሉ አልተረታም። «ካውያ ሌላ፣ አባቴ ሌላ ነው፣ እናቴ። ሸሚዝ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል።»

«ልክ ነህ» አለች ሰፊዋ።

በዚህ ጊዜ የተናገረችው የወንድሟ ልጅ ናት። «መምህሩን የጠየቃቸው አለ?»

ተያይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። መምህሩ ፀሐይ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ልጁ ጉንጩን ሳመውና፣ «አባዬ፣ ና እኔ ግቢውን ላዙርህ» ብሎ የወንበሩን እጀታ ያዘ። መምህሩ በደኅና እጁ ፍሬኑን ጠረቀመው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ፈታው። መምህሩ መልሶ ጠረቀመ። ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ በር አጠገብ ሻንጣውን ታቅፎ ወደተቀመጠው ሰው ጣቱን ቀስሮ ግቢውን በጩኸት አናጋው፤

«ተመስገን! ተመስገን!! ተ-መ-ስ-ገ-ን!!!»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ምስጋና የሰማ ሰው የለም። ልጁ የወንበሩን እጀታ ለቀቀ። ከዚያ ሳቅ ፈነቀለው፤ እየሳቀ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ።

«ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ነበር የሚቆጣኝ» አለ። «ከታመመ ወዲህ ሲቆጣ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ሁሉ ነገሩ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

ወደ በሩ ሄዶ ማሙሽ ፊት ቆመ። ምን ብሎ እንደሚጠራው አላወቀም መሰል ትንሽ አመነታ። «ጋሼ፣ አባቴ ይፈልግዎታል» አለ በመጨረሻ። ማሙሽ በዚህ ጊዜ ወደ ኋላው አልዞረም። ሻንጣውን ለሰፊዋ አቀበላትና ተነሳ።

ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ አላለቀም። ውል ገቡ። ማሙሽ እስኪለምድ ዳገቱን ያለ አስታማሚ አይወርድም። መምህሩ ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታሰርለታል። በያጁ በሚቀጥለው ሳምንት የብየዳ ዕቃውን ጭኖ መጣና የዳገቱን ሁለት ጠርዝ በብረት አጠረው፤ ጎማ ቢፈልግም አይወጣበትም። ማስተማሩ ደግሞ የሰፊዋ ድርሻ ሆነ።

ተሽከርካሪ ወንበር ቁልቁለት ሲወርድ ወደኋላ ነው የሚወረደው፤ የሚይዘው ሰው ቀድሞ በጀርባው እየወረደ፣ ወንበሩን ወደ ራሱ አስደግፎ። ወፍራሙ አስታማሚ ይህን አሳያት። መምህሩ ለልምምድ አልተሰጣቸውም፤ በባዶው ወንበር ላይ ድንች የሞላ ጆንያ አስረው ጀመሩ። ሰፊዋ ከዘራዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጆቿን በማሙሽ እጆች ላይ አድርጋ፣ አስታማሚው ሁለቱን ከኋላ ደግፎ፣ ወረዱ። ወጡ። ወረዱ። ማሙሽ መዞሩን ይረሳል፤ ታቆመዋለች፤ ትከሻውን ይዛ ታዞረዋለች። አንዳንድ ቀን ይሰለቸውና መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እሷም አጠገቡ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና እስኪመጣለት ትጠብቃለች። የእሷም ዳሌ በዚሁ ጠነከረ። ሐኪሟ የትኛው ስፖርት ቤት እንደምትሄድ ሲጠይቃት «ድንች አወርዳለሁ» አለችው።

ከብዙ ድካም በኋላ አንድ ጠዋት ማሙሽ ዳገቱ አፋፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። «ጀርባ!» ብሎ ራሱን አዘዘ፤ ዞረ፣ ወንበሩን ሳበ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም አልነካውም። ታች ሲደርስ ድንቹን በእጁ ቸብ ቸብ አደረገው። ከዚያ በኋላ ድንቹ በመምህሩ ተተካ፤ አስታማሚው ለረጅም ጊዜ አብሮ ወረደ፤ ኋላ ኋላ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ማየት ብቻ ጀመረ።

አሁን ሰፊዋ ድናለች። «እስክትቆሚ ድረስ» የተባለው ደርሷል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከልምምዱ በኋላ ማሙሽን አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው።

«ቤት እንሂድ?» አለችው።

አሰበ። ሲያስብ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ያሻል። «መጥተን እንመለሳለን?»

«አይ። እንደ ድሮው፣ እዚያው።»

«መምህሩን ማን ያወጣዋል?»

«ሌላ ሰው ያወጣዋል።»

«ሌላ ሰው ጀርባ አያውቅም።» ይህን ሲል ጨክኖ ነው። ቆየት ብሎ ግን ዞሮ አያት፤ እንደዚያ የወደቀች ዕለት እንዳያት አድርጎ። «እታለም፣ ብቻሽን ትፈሪያለሽ?»

ማንም ጠይቋት አያውቅም። ውሸት ቢናገሩት የሚቀበል ሰው ነው፤ ልትዋሸውም ትችል ነበር።

«ትንሽ» አለች።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ ማሙሽ። ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረገላት። «ኋላ ይለቃል።»

የዚያን ዕለት ማታ ሰፊዋ በወንድሟ ልጅ መኪና ውስጥ ብዙ አለቀሰች። አደራ ማለት መያዝ ብቻ ይመስላት ነበር፤ እናቷም ብትሆን ከመያዝ ሌላ ነገር ያሳያት ሰው አልነበራትም። ልጅቱ መሐረብ እያቀበለች ነዳች። ቤት ሲደርሱ ሰፊዋ አፍንጫዋን ተናፍጣ፣ «ያንን አልጋ አንሺልኝና ቦታውን የመቁረጫ ጠረጴዛ እናድርገው። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ላይ ነው ጨርቅ የምቆርጠው» አለች።

ጠረጴዛው ገባ። ሰፊዋ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን መርፌና ክሯን ይዛ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ሱሪ ማውለቅ የሚቸግራቸውን ሰዎች ሱሪ በጎን በኩል የሚከፈት አድርጋ ትሰፋላቸዋለች፤ የመምህሩንም ሸሚዞች በአንድ እጅ እንዲቆለፉ አድርጋለታለች። መምህሩ «ተመስገን» አላት፤ ይህችኛዋን ያለ አስተርጓሚ ገባት።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት መንገድ ተዘጋግቶ አረፈደች። ስትደርስ ማሙሽና መምህሩ ሳይጠብቋት ወጥተዋል፤ ከግቢው ወዲያ ማዶ፣ አጥሩ ሥር፣ የሚበያየድ አዲስ በር እያዩ ቆመዋል፤ በያጁ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ብልጭታ ይረጫል። ማሙሽ የመምህሩን ዓይን ከብልጭታው በመዳፉ ጋርዶለታል። ሰፊዋ ልትጠራቸው ብላ ተወችው። በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ወፍራሙ አስታማሚ ሻይ አመጣላትና ስለ ልጁ ጥርስ ማብቀል ትንሽ አውርቷት ወደ ሥራው ሄደ። የምታጎርሰው ሰው የለ፣ የሚፈለግ ስፒል የለ፣ ከኋላ የሚጠራት የለ። ብርጭቆውን አነሳች። ሳይቀዘቅዝ፣ ከንፈሯን እያቃጠላት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።